የቦስተን የብር ዋንጫ፦ ማፍሰሻው የኋላ ቅጥያ ይሆን?

የጥንት ዕቃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃው ባለ ክዳንና ባለ እጀታ የብር ዋንጫ ነው፤ ሻጩ «ቦስተን፣ 1750ዎቹ» ይላል። ከፊቱ ማፍሰሻ አለው። ግርጌው ላይ «24 አውንስ 10» ተጭሯል፤ ሚዛን ላይ ግን 828 ግራም ነው። እጀታው ላይ ሦስት ፊደላት አሉ፤ ከላይ ኤች፣ ከታች አይ እና ኤም። የአንበሳ ማኅተም የለውም። ሐሰተኛ ነው ማለት ነው? ጥቁረቱስ በምን ይጽዳ?

አንጥረኛው፦ ወንድሜ፣ አንበሳው አያስጨንቅህ። የእንግሊዝ የጥራት ምርመራ ምልክት ነው፤ በዚያ ዘመን ቦስተን ውስጥ መርማሪ ቢሮ አልነበረም፤ መተማመኛው የአንጥረኛው ማኅተም ብቻ ነበር። ብሩም ብዙ ጊዜ ከቀለጠ የስፔን ዶላርና ካረጀ ዕቃ ይመጣ ነበር፤ የእኛ አንጥረኞች ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀልና አልቦ እንደሚሠሩት ማለት ነው።

ዋናው ነገር ክብደቱ ነው። የተጫረው በትሮይ አውንስ፣ ማለትም በብርና ወርቅ መመዘኛ አውንስ ነው፤ አንዱ 31.1 ግራም። 10ሩ ፔኒዌይት (የአውንስ አንድ ሃያኛ) ስለሆነ ግማሽ አውንስ ነው። 24.5 በ31.1 ሲባዛ 762 ግራም ይመጣል። ብር በውልወላ ይቀላል እንጂ አይከብድም፤ ስለዚህ ከ828ቱ የሚተርፈው 66 ግራም በኋላ የተጨመረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንዲህ ያለ ዋንጫ መጠጣት ሲቀር ብዙዎቹ ማፍሰሻ ተበይዶላቸው ማንቆርቆሪያ ሆነዋል። ክዳኑን ከፍተህ በባትሪ እይ፤ ከማፍሰሻው ኋላ ግድግዳው ተበስቶ ወይም ተቆርጦ ይሆናል። ከውጭ ደግሞ ትንፋሽህን አልብስበት፤ የብየዳው መስመር ከብሩ ተለይቶ ይታይሃል።

ዕቃ ቤት፦ ፊደላቱ የባልና የሚስት ናቸው፦ ላይኛው የቤተሰቡ ስም፣ ከታች ግራው የባል፣ ቀኙ የሚስት። በዚያ ጊዜ «ጄ» የሚለውን ፊደል በ«አይ» ይጽፉ ስለነበር ባልየው ጆን ወይም ጆሴፍ ሊሆን ይችላል።

አሉሚኒየምና ሶዳ ውስጥ እንዳትነክረው! በጭረቶቹ ውስጥ ያለውን ጥቁር ያወጣና ጽሑፉ ይደበዝዛል። የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት በተጣራ ውሃ ለውሰህ በጥጥ ቀስ ብለህ እሸው፤ ጽሑፉንና ማኅተሙን ግን እለፋቸው። ከዚያ በደንብ አለቅልቀህ ወዲያው አድርቀው። ስታስቀምጠው ከሱፍና ከላስቲክ አርቀው፤ ድኝ ስላላቸው ያጠቁሩታል።

የጥንት ዕቃ፦ እውነትም ከውስጥ ተበስቷል። ማፍሰሻው ይነሳ?

አንጥረኛው፦ አይነሳ። የብር ብየዳ የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ በላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት የእጀታው ብየዳም ሊላቀቅ ይችላል፣ የብሩም ገጽ ግራጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ቀዳዳው ደግሞ እዚያው ነው፤ መጣፍ ሊኖርብህ ነው። ካልገዛኸው ዋጋውን እንደተለወጠ ዕቃ ተደራደር።