ወንበር ቅርጻ ቅርጽም መቀመጫም ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄ — ከ«ጥርብ ጣውላ»

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ላለፉት 14 ዓመታት ቁም ሣጥን፣ በር፣ አልጋና ጠረጴዛ በትእዛዝ ስሠራ ቆይቻለሁ። ሥራዬን አልጠላም፤ ነገር ግን ከ3 ዓመት ወዲህ ማታ ማታ ለብቻዬ የማበጃቸው፣ ቀጥ ያለ መስመር የማይገኝባቸውና ሰው ከሠራቸው ይልቅ የበቀሉ የሚመስሉ ወንበሮች፣ ቀኑን ሙሉ ከምሠራው ሁሉ አብልጠው ልቤን ይዘውታል። እስካሁን 5 ጨርሻለሁ። የምጽፍላችሁ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ስለ ደረሰው ነገርና እሱ ስላስነሣብኝ ጥያቄ ነው።

የዚህ ወንበር የኋላ እግሮች ከመደገፊያው ጀምረው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ውጭ ወጥተው፣ ተመልሰው መሬት የሚነኩ ነበሩ። 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ በመጋዝ አውጥቼ፣ በሞረድና በመፋቂያ ለብዙ ሳምንታት አቅጥኜና አለስልሼ፣ በመጨረሻ ዘይት ቀባኋቸው። ያየው ሁሉ ወደደው። 4 ወር ሳይሞላው አንድ ወዳጄ ወደ ኋላ ደገፍ ሲል የግራው እግር ከቅስቱ ላይ ለሁለት ተለያየ። ከመጋጠሚያዎቹ አንዱም አልላላም፤ ስብራቱም ስንጥር የሌለው፣ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ነበር። ወዳጄ አልተጎዳም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሞረድ ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይፈራል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ድርብ ነው። አንደኛው፣ እንዲህ ያለ ቅርጽ ሳይሰበር እንዴት ይሠራል የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ ዓይን የሚፈልገው ቅርጽና ተቀማጭ የሚፈልገው ጥንካሬ የሚጣሉ ከሆነ በአንድ ወንበር ላይ ማስታረቅ ይቻላልን? ይህን ሥራ ኑሯቸው ያደረጉትስ በትእዛዝ ሥራ መካከል ጊዜያቸውን እንዴት ይጠብቁለታል?

መልስ — ከ«ሞርሳና ኮላ»

ስብራቱ ስንጥር የለውም ማለትዎ መልሱን በራሱ ይዟል። እንጨት በቁመቱ የታሰረ የጅማት ነዶ ነው። በቁመቱ ሲጎትቱት እጅግ ይጠነክራል፤ ጅማትን ከጎረቤቱ ጅማት ለማላቀቅ ግን ትንሽ ኃይል ይበቃል፤ እንጨት የምንፈልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከቀጥተኛ ጣውላ ላይ ቅስት እግር ሲያወጡ፣ መታጠፊያው ላይ ጅማቱ እግሩን ተከትሎ በመውረድ ፈንታ አግድም አቋርጦት ያልፋል፤ በዚያች ቦታ የተቀማጩን ክብደት የሚሸከመው ጅማቱ ሳይሆን ጅማቶቹን ያጣበቃቸው የእንጨቱ የራሱ ሙጫ ብቻ ነው። እግርዎ የተሰበረው እዚያው ላይ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ስለዚህ ጥፋቱ የቅርጹ አይደለም፤ ቅርጹ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ጅማቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው።

ጅማቱ ቅስቱን እንዲከተል የሚያደርጉ መንገዶች አሉ። አንዱ በእንፋሎት ማጠፍ ሲሆን፣ በልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ያህል ይታጠናል። በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት ሲጨመቅ ብዙ ይታገሣል፣ ሲለጠጥ ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ካለፈ ይቀደዳል፤ ስለዚህ በሚታጠፈው እንጨት ውጫዊ ፊት ላይ የብረት ልጥ ይታሰራል። በምድጃ ከደረቀ ጣውላ ይልቅ በነፋስ የደረቀው በቀላሉ ይታጠፋል። ሌላው መንገድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ስሶች በኮላ ደራርቦ በቅርጽ ማስያዣ ላይ ማጠፍ ነው። ይህ አስተማማኝ ነው፤ ከማስያዣው ሲወጣ ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ግን ማስያዣውን ከሚፈልጉት ትንሽ አጥብቆ መሥራት ያስፈልጋል።

ለእርስዎ ዓይነት ቅርጽ ይበልጥ የሚስማማው ግን ጣውላ ደራርቦ አጣብቆ መጥረብ ይመስለኛል። ይህን አሠራር በቤት ዕቃ ዓለም ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው አሜሪካዊው ዌንደል ካስል ነው፤ ሐሳቡን ያገኘውም በአደን ጊዜ ወፎችን ለማታለል የሚያገለግሉ የእንጨት ዳክዬዎች በንብርብር እንዴት እንደሚሠሩ በልጅነቱ ካነበበው ነበር። ካስል የኢንዱስትሪ ዲዛይንና ቅርጻ ቅርጽ የተማረ ሰው ስለሆነ ወንበሩን እንደ አንድ ግዙፍ አካል አስቦ፣ እያንዳንዱን ንብርብር በተፈላጊው ቅርጽ ዙሪያ ቆርጦ ካጣበቀ በኋላ በሰንሰለት መጋዝ ሳይቀር ይጠርበው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መደራረብ ብቻውን የእርስዎን እግር አያድነውም፤ ንብርብሮቹ ሁሉ ከቀጥተኛ ጣውላ ላይ በቅስት የተቆረጡ ከሆኑ ድክመቱ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አለ። እያንዳንዱን ንብርብር አጫጭር ከሆኑ፣ ጅማታቸው የቅስቱን አቅጣጫ ከሚከተል ቁራጮች ይገጣጥሙ፤ የላይኛው ንብርብር መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ እንዳይውል እንደ ጡብ አፈራርቀው ይደርድሩ። ጣውላዎቹ በእርጥበት መጠን እኩል መሆናቸውንም ያረጋግጡ። እንጨት ከእርጥብነት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ በአማካይ 8 በመቶ፣ ከመሐል ወደ ዳር 4 በመቶ ያህል ይሸማቀቃል፤ በቁመቱ ግን ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። እርጥቡን ከደረቁ ጋር ያጣበቀ ሰው ቁጣቸውን የሚያየው ከወራት በኋላ ነው።

መልስ — ከ«የመጀመሪያው ወንበር»

ከላይ ስለ ጅማት የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጠያቂው ጭንቀት በኮላ የሚፈታ አይመስለኝም። ቅርጽና ጥንካሬ ይጣላሉ ወይ ለሚለው፣ ከእኛ በፊት ይህን መንገድ የሄዱትን ሰዎች ሕይወት ማየት ይጠቅማል።

ዋርተን ኤሸሪክ ሠዓሊ ነበር። ለሥዕሎቹ ፍሬም ሲቀርጽ እጁ ከእንጨት ጋር ተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ኮረብታ ላይ የሥራ ቤቱን መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ ዛሬም ሰው ሊያየው የሚሄደውን ጠመዝማዛ የኦክ ደረጃ ሠራ። ያ ደረጃ ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ ሰውም ይወጣበታል፣ ይወርድበታል። ጆርጅ ናካሺማ ደግሞ በአርክቴክትነት የሠለጠነ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ስላለው ብቻ ከቤተሰቡ ጋር በአሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ በሚገኘው የሚኒዶካ ካምፕ ታስሮ ሳለ ነው በጃፓን ባህላዊ አሠራር ከሠለጠነ አናጺ የእጅ ሥራ ጥበብን ያዳበረው። በኋላ በሠራቸው ጠረጴዛዎች ላይ የጣውላውን ስንጥቅ ደብቆ በመሙላት ፈንታ፣ የቢራቢሮ ክንፍ በሚመስል ቁራጭ እንጨት አግዶ ለዓይን ትቶታል። ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያገደው ቁራጭ የጠረጴዛው ጌጥ ሆነ። ጥንካሬው ቅርጹን የወለደበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እኔን በግሌ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን ሳም ማሉፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ልዩ የፈጠራ ችሎታ ላላቸው ሰዎች የሚበረከተው የማክአርተር ሽልማት የተሰጠው ይህ ሰው ራሱን የሚጠራው የእንጨት ሠራተኛ ብሎ ነበር፤ አንድን ተወዛዋዥ ወንበርም ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ሠርቶታል። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ሁለቱም እርስ በርስ የሚናከሱበት ጎድጓዳ ተበጅቶላቸው፣ መገናኛው ላይ እንጨቱ ወፍሮ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል። ውበቱ ያለው በዚያ ውፍረት ውስጥ ነው።

እኔ እንደ እርስዎ 5 የተለያዩ ወንበሮች ሠርቼ፣ እያንዳንዱ አዲስ ሐሳብ ስለነበር ከአንዱም ሳልማር ቀረሁ። ከዚያ አንድ ባለ 3 እግር በርጩማ መርጬ 9 ጊዜ ሠራሁት። የመጀመሪያዎቹ 3 ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር የሚፈልጉ ነበሩ፤ 6ኛው ላይ እግሩን የት ማቅጠን እንደምችል፣ የት እንደማልችል ሳላስብ እጄ ማወቅ ጀመረ። ስለዚህ የተሰበረውን ወንበር አይተዉት። ያንኑ፣ በዚያው ቅርጽ፣ ደግመው ደጋግመው ይሥሩት።

ስለ ጊዜ ለጠየቁት፣ ማታ የሚሠራ ቅርጽ የደከመ ዓይን የፈረደበት ቅርጽ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። እኔ በሳምንት 2 ጠዋት ለዚህ ሥራ ብቻ ለይቻለሁ፤ በእነዚያ ሰዓታት ስልክ አላነሣም፣ የደንበኛም ጣውላ አልቆርጥም። መጀመሪያ ላይ ትእዛዝ የሚያመልጠኝ መስሎኝ ነበር። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት የተማርኩት ነገር በትእዛዝ ሥራዬ ውስጥ እየገባ፣ የአንድ ቁም ሣጥን እጀታ ወይም የአንድ ጠረጴዛ እግር በእጅ የተቀረጸ እንዲሆን ደንበኞች ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ።

መልስ — ከ«መቀመጫ ለካ»

ጠያቂው ለብዙ ሳምንታት አቀጠንኩ ያሉት ላይ ጥቂት ልጨምር። ሞረድ የወሰደውን አይመልስም፤ ስለዚህ ፍለጋው በጥሩ እንጨት ላይ መሆን የለበትም። እኔ በመጀመሪያ በሸክላ ጭቃ አንድ አሥረኛ የሚያህል ትንሽ ምስል፣ ቀጥሎ ከተጣለ ጣውላና ከፎም በሙሉ መጠኑ ናሙና እሠራለሁ። ናሙናው ያስቀምጣል፤ ቁመታቸው የተለያየ ሰዎችን አስቀምጬ ጉልበታቸውንና የጀርባቸውን ታችኛ ክፍል እመለከታለሁ። የመቀመጫ ከፍታ በአብዛኛው ከ43 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መቀመጫው ወደ ኋላ ጥቂት ዘቅ ማለት፣ መደገፊያውም ከመቀመጫው ጋር ከ95 እስከ 105 ዲግሪ መክፈት አለበት። እነዚህ ቁጥሮች ቅርጹን ያስራሉ ብለው የሚሰጉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን የሰው አካል ራሱ ቅስት ስለሆነ ከቁጥሮቹ የወጣው መስመር ከምናቤ ከወጣው ሲበልጥብኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መቼ እንደሚያቆሙ ለማወቅ ክፍሉን አጨልመው አንድ መብራት ከጎን በዝቅታ ያብሩ፤ ጥላው በድንገት የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ገና ሥራ አለ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በመዳፍዎ ይዳስሱት። መጋጠሚያ አጠገብ ሲደርሱ ግን ዓይንም እጅም ገና ነው ቢሉ ያቁሙ።

አንድ የደኅንነት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ተጠራቅሞ በራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። የጠንካራ እንጨት ብናኝም ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ለሳምንታት ሲሞርዱና በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ ጭምብል ከፊትዎ አይለይ።

ምላሽ — ከ«ጥርብ ጣውላ»

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰበረውን እግር አውጥቼ በመብራት አየሁት፤ ጅማቱ ልክ እንደ ተባለው በስብራቱ ቦታ እግሩን አግድም ያቋርጠዋል። መታጠፊያው ላይ ያቀጠንኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ በዚያ ቦታ 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር። ያንኑ ወንበር በጡብ ድርድር ልሠራው ወስኛለሁ፤ ሁለት ጠዋቶችንም ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሬ እለያለሁ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ አለች። እግሩን ሳለሰልሰው የኮላው መስመሮች ገጹ ላይ እየዞሩ ይታያሉ፤ ይህ ቅርጹን አይረብሸውምን?

መልስ — ከ«ሞርሳና ኮላ»

የሚረብሸው የእንጨቱ ቀለም ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሲቀያየር ነው። ሁሉንም ከአንድ ግንድ፣ ቢቻል በተቆረጡበት ቅደም ተከተል ከተከታተሉ ጣውላዎች ያውጡ፤ ገጻቸውን በማጣበቂያው ዕለት በመላጊያ ያስተካክሉ፤ ከማጣበቅዎ በፊት በደረቁ በሞርሳ አስረው መገናኛው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት እንደሌለ ይዩ። እንዲህ ከተሠራ መስመሩ ከፀጉር አይበልጥም፤ ቅርጹ ሲዞር እሱም አብሮ እየዞረ የተራራ ካርታ ላይ እንዳሉት የከፍታ መስመሮች ይሆናል። እኔ በሥራዎቼ ላይ ልደብቀው ሞክሬ አላውቅም። እንዲያውም ስሞርድ መስመሮቹ እኩል ተራርቀው መሄዳቸውን እያየሁ ቅስቱ የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን አውቅበታለሁ።