ከጉግስ የተሰናበተ ፈረስ ከተሸጠ በኋላ ማን ይከታተለዋል?

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ለብዙ ዓመታት ጉግስ ሲጫወትበት የኖረው ዳማ ፈረስ አርጅቷልና ሊሸጠው አስቧል። ገዢው መልሶ ለሌላ ቢሸጠው የት እንደሚደርስ ማወቅ አለመቻላችን ያስጨንቀኛል። በውጭ አገር ከእሽቅድምድም የተሰናበቱ ፈረሶች ክትትል የሚደረግላቸው እንዴት ነው? ለእኛስ የሚሆን ነገር አለው?

የእንስሳት ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ
ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኬንታኪ ደርቢ የተባለውን የአሜሪካ ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም ያሸነፈው ፈረስ ፈርዲናንድ እንኳ ለእርባታ ወደ ጃፓን ከተሸጠ በኋላ በ2002 ቄራ ገብቶ መታረዱ የተሰማው በማግስቱ ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ አርቢዎች ፈረሱ ከሥራ ሲወጣ መልሰው መግዛት እንዲችሉ በሽያጭ ውላቸው ላይ ያሰፍራሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የሚወለዱ የእሽቅድምድም ዝርያ ፈረሶች ለመመዝገብ ባለ15 አሃዝ ቁጥር የያዘች ማይክሮቺፕ አንገታቸው ውስጥ ትቀበርላቸዋለች። ይሁን እንጂ ቺፗ የፈረሱን ማንነት ብትናገርም ጠግቦ ማደሩን አትናገርም። አውስትራሊያ ውስጥ ባለቤቱ ፈረሱን ከውድድር ሲያሰናብት የማስታወቅ ግዴታ ነበረበት፤ ግዴታው ግን ቀጣዮቹን ገዢዎች ስለማይከተል፣ በ2019 የቀረበ የቴሌቪዥን ምርመራ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ኩዊንስላንድ ውስጥ ሲታረዱ አሳየ።

ስለዚህ ሄዶ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። ረጅም ጸጉር ክሳትን ይደብቃልና ጎድኑን በእጅዎ ይዳብሱ፤ ኮርቻውን አስወርደው ጀርባው ገጣባ አለመሆኑን ይመልከቱ። ድርቆሹን አላምጦ እየጠቀለለ የሚተፋ ከሆነ ጥርሱ ሾሏል ማለት ነውና ሳይከሳ ሐኪም ይሞርደው።

ባለጋሪ፣ ከኮምቦልቻ
ዶክተር ያሉት እውነት ነው። እኔ የምጨምረው፣ ደላላ መሐል ከገባ የፈረሱ ዱካ እዚያው ስለሚጠፋ ገበያ አታውጡት፤ የምታውቁት ሰው ቤት ይግባ። በደሴ ብርድ ያረጀ ፈረስ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወርዶ አስፋልት ላይ ጭነት ሊጎትት አይገባውም፤ ይህን የምለው እንጀራዬ ከጋሪ ሆኖ ሳለ ነው። ውሉ በምስክር ፊት ይጻፍ፣ ገዢው ሊሸጠው ሲፈልግ አስቀድሞ ለአጎትህ እንዲነግር ይስፈርበት፣ የግንባሩ ቦቃና የእግሩ ነጭ ምልክት በደንብ የሚታይበት ፎቶም ይያያዝ።

ጠያቂ፣ ከደሴ
እግዜር ይስጥልኝ። ኩታበር ያሉ ዘመዳችን ሊወስዱት ፈቃደኛ ስለሆኑ አጎቴን በዚህ አግባባዋለሁ። ዶክተር፣ በስንት ጊዜ ቢታይ ይበቃል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ
ጥርሱ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ሰውነቱ ግን በየወሩ ይታይ። ዛሬውኑ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን በገመድ ለክተው ልኩ ላይ ይቋጥሩበትና ገመዱን ለዘመድዎ ይስጧቸው። ሌላ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲለካ ገመዱ ቋጠሮው ሳይደርስ ከገጠመ ፈረሱ ከስቷል፤ ያን ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉልኝ።