አሮጌ ቲቪ ለጌም ማሽን ስክሪን ይሆናል ወይ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ያለሁት። እኛ ሰፈር አንድ ጆተኒና ፑል ያለው ቤት ነበር። ሳንቲም እየተጨመረበት የሚሠራ የድሮ የጌም ማሽንም ነበረው። ባለቤቱ ቤቱን ሲለቅ ማሽኑን በርካሽ ሰጠኝ። በጋሪ ስናመጣው ግን የስክሪኑ ቲዩብ አንገቱ ላይ ተሰበረ፤ ሽሽሽ ብሎ አየር ገባበት። ቦርዱ ደህና ነው። ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልትና 12 ቮልት በትክክል ይሰጣል። ሲበራ የጌሙ ድምፅ ይሰማል፤ የጠፋው ምስል ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ኋላው ወፍራም የሆነ 21 ኢንች ቲቪ አለን። ፊቱ ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የኤቪ ቀዳዳ አለው። ከቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄዱት ሽቦዎች 5 ናቸው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር። አረንጓዴውን ቢጫው ቀዳዳ ላይ ሞከርኩት። ጥቁርና ነጭ ነገር እየተንሸራተተ ይሮጣል፤ አይቆምም። አንድ ጠጋኝ ጋ ሄጄ ሳማክር «አይሆንም፣ የኮምፒውተር ስክሪን ግዛ» አለኝ።

እውነት አይሆንም? ቲቪውን ከፍቼ ብሞክርስ? ለሰፈሩ ልጆች ክረምት ሳይገባ ባደርስላቸው ደስ ይለኛል።

ካውያ (ከዚራ)

አቦ ይሆናል! እንዲያውም ለዚህ ሥራ ከኮምፒውተር ስክሪን ይልቅ የድሮ ቲቪ ይሻላል። የዚያን ዘመን የጌም ቦርድ በሰከንድ 15,700 ገደማ መስመር ነው የሚስለው። ቲቪም በዚያው ፍጥነት ነው የሚሠራው። የኮምፒውተር ስክሪን ግን ከ31,000 አካባቢ ነው የሚጀምረው። ብትገዛውና ብትቀጥለው አብዛኛው ምንም አያሳይህም፤ ለእሱ ደግሞ መቀየሪያ መግዛት ልትገደድ ነው።

የአንተ ችግር ሌላ ነው። ቦርድህ ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ ያወጣል። አራተኛው ሽቦ ሲንክ ነው፤ ምስሉ ቦታውን ይዞ እንዲቆም የሚያዘው እሱ ነው። አምስተኛው ግራውንድ ነው፤ የኮረንቲው መመለሻ ማለት ነው። ቢጫው ቀዳዳ የሚፈልገው ደግሞ ሁሉም ተቀላቅሎ በአንድ ሽቦ ሲመጣለት ነው። አረንጓዴውን ብቻ ስትሰጠው ሲንክ የለውም፤ ለዚያ ነው የሚሮጠው። ቲቪህም ቦርድህም አልተበላሸም።

መግቢያ መንገድ አለ። ድምፅ ስትጨምር ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን አረንጓዴ መስመር አይተሃል? እሱ በሌላ በር ነው የሚገባው። ከትንሹ አይሲ (ቦርዱ ላይ ካለችው ጥቁር ባለ ብዙ እግር ቺፕ) ተነስቶ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መስመር ወደ ዋናው የምስል አይሲ ይሄዳል። የቲቪው ሰርኪት ዲያግራም ከተገኘ በዚያ በር የጌሙን ምስል ማስገባት ይቻላል። እኔ ሁለት ቲቪ እንዲህ ሠርቻለሁ፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው።

የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ

ልጄ፣ ካውያ ያለው ትክክል ነው። ግን «ከፍቼ ብሞክር» ያልከው አስደንግጦኛል። እባክህ ቆም በል።

የቀለም ቲቪ ቲዩብ ጀርባው ላይ ጎማ ቆብ ያለው ወፍራም ሽቦ አለ። እዚያ ከ20,000 ቮልት በላይ ነው። ሶኬቱን ነቅለህም ቲዩቡ ይዞ ይቆያል። አንዴ ብታወርደው እንኳ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ሊሰበስብ ይችላል። ከሱ የባሰው ግን ፓወሩ ጋ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው) ነው። 220 ሲገባ እሱ ላይ ወደ 310 ቮልት ይጠራቀማል። የሱ ኮረንቲ ሰው ሊገድል ይችላል። ወጣት ሳለሁ ሶኬት ነቅያለሁ ብዬ ተማምኜ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደንዝዞ ውሏል።

ሌላም አለ። የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ያለው በጣም የድሮ ቲቪ ውስጡ ያለው ግራውንድ በቀጥታ ከ220 ጋር የተነካካ ሊሆን ይችላል። እሱን ከጌም ማሽን ጋር ካገናኘህ ልጆቹ የሚይዙት ብረት ሁሉ ኮረንቲ ይኖረዋል። መሃል ላይ የሚለይ ትራንስፎርመር ሳይገባ አይነካም። የአንተ ኤቪ ቀዳዳ ስላለው በዚህ በኩል ይሻላል።

አንገቱ ላይ የተሰካችው ትንሽ ቦርድ ላይም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ታያለህ። እዚያ እንዳትቀጥል። ከ100 ቮልት በላይ ነው የሚሄድበት፤ የጌሙን ቦርድ ያቃጥልብሃል። በቲዩብ ያልሠራ ሰው ለብቻው መክፈት የለበትም። ካውያ ቅርብህ ከሆነ አብራችሁ ሥሩት።

ጀጎል (ሐረር)

ወንድሜ፣ ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። ቤተሰብ ውስጥ ከአውሮፓ ወይም ከጅቡቲ የመጣ የድሮ ቲቪ የለም? ጀርባው ላይ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ፣ 21 እግር ያለው ቀዳዳ ፈልግ። ስካርት ይባላል። ጅቡቲ የኖሩ ሰዎች ፔሪቴል ነው የሚሉት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለሚሸጥ ቲቪ ሁሉ ግዴታ አድርገውት ነበር። በዚያ ቀዳዳ ሦስቱ ቀለሞች ለየብቻ ይገባሉ። ቲቪው ጨርሶ አይከፈትም። እኔ ሐረር ላይ የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። አልከፍትም።

እህቴ፣ የአንቺን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ባሏ ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው፤ ነፍሱን ይማረው። ከጅቡቲ ያመጣው ቲቪ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ያልሽው ሰፊ ቀዳዳ አለው! ግን ቀለሙ ሞቷል። የዲሽ ሪሲቨር ሲቀጠልበት ጥቁርና ነጭ ነው የሚያሳየው። ለዚያ ነው የተወችው። ዋጋ ይኖረዋል?

ጀጎል (ሐረር)

ቀለሙ የሞተ አይመስለኝም። የፈረንሳይ ቲቪ ቀለም የሚያነበው ሴካም በሚባለው ዘዴ ነው። እኛ ጋ ያለው ሪሲቨር ደግሞ በፓል ይልካል። ሴካም ብቻ የሚያውቅ ቲቪ የፓልን ቀለም አያነብም፤ ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል። በሦስቱ ሽቦ ስትገባ ግን ፓልም ሴካምም አያስፈልግም። ቀለሙ በቀጥታ ነው የሚገባው። ሞክረው።

አገናኙ እንዲህ ነው። የስካርቱ መሰኪያ ውስጥ ቁጥሮቹ ተጽፈዋል። ቀይ 15፣ አረንጓዴ 11፣ ሰማያዊ 7፣ ሲንክ 20 ላይ ይገባል። 5፣ 9፣ 13፣ 17 እና 18 ግራውንድ ናቸው፤ ሁሉንም ከቦርዱ ግራውንድ ጋር አገናኛቸው። 16 ቁጥር «በሦስቱ ቀለም ግባ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ቮልት ይፈልጋል። ከ5 ቮልቱ በ180 ኦም ሪዚስተር (ኮረንቲ የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) ስጠው። 8 ቁጥር ቲቪውን ወደ ኤቪ ይቀይረዋል፤ ከ12 ቮልቱ በ1,000 ኦም ስጠው።

ቀለሞቹን በቀጥታ እንዳትሰጥ። የጌም ቦርድ እስከ 3 ቮልትና ከዚያም በላይ ያወጣል፤ ቲቪው የሚፈልገው 0.7 ነው። በእያንዳንዱ ቀለም ላይ 270 ኦም አስገባ። ከጨለመብህ 220 አድርገው። ሦስቱም እኩል ይሁኑ፤ አለበለዚያ ነጩ ቀለም ያዘነብላል። ሲንኩ ላይ 470 ኦም ይበቃል።

ካውያ (ከዚራ)

ጀጎል ልክ ነሽ፤ ከኔ መንገድ የአንቺ ይሻላል። ሁለት ነገር ልጨምር።

የሽቦ ቀለም አትመን። ድሮ የጠገነው ሰው ምን እንደቀየረ አይታወቅም። ቦርዱ ጫፍ ላይ በየጎኑ 28፣ በድምሩ 56 ጥርስ ካለው ጃማ የሚባለው ዓይነት ነው። እቃዎቹ ባሉበት ጎን 12ኛው ቀይ፣ 13ኛው ሰማያዊ፣ 14ኛው ግራውንድ ነው። ገልብጠህ ስታየው ከ12ኛው ጀርባ አረንጓዴ፣ ከ13ኛው ጀርባ ሲንክ ነው። በቴስተር ተከትለህ አረጋግጥ።

የድምፁን ሽቦ ደግሞ ቲቪው ውስጥ አታስገባ። ከቦርዱ የሚወጣው ድምፅ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ያለፈ ስለሆነ ለቲቪው ይበዛበታል። የማሽኑን የራሱን ስፒከር ተጠቀም። የስፒከሩን ኔጋቲቭ (−) ሽቦ ከግራውንድ ጋርም አታገናኝ። ሪዚስተሩን ታይዋን ገበያ አካባቢ የቲቪ መለዋወጫ ከሚሸጡት ታገኛለህ። የስካርት ገመድ ካጣህ ከድሮ ሪሲቨር ቁረጥ።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

ወገኖቼ፣ መጣ! ቀለም አለው! አክስቴ አጠገቤ ነበረች፤ ቀዩን ስታይ እልል አለች። ካውያ ካውያውንና ሊዱን ይዞ መጥቶ አብረን በየድን፤ ሦስት ሰዓት ነው የፈጀብን።

ሁለት ነገር ቀርቷል። ከላይና ከታች ጥቁር ባዶ ቦታ አለ፤ ምስሉ ትንሽ ጠፍጠፍ ብሏል። ደግሞ ጌሙ የአውሮፕላን ነው፤ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚታየው።

የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ጠፍጠፍ ያለው ቲቪው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ የጌሙ ቦርድ 60 አካባቢ ይሰጣል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ከላይ ወደ ታች የሚጓዘው ርቀት ያንሳል። ቁመቱን የምታስተካክል ትንሽ መዞሪያ ውስጡ አለች። እሷን የምትነካው ቲቪው እየበራ ስለሆነ ለካውያ ተዋት። ፕላስቲክ ካቻቢቴ ይያዝ፤ አንድ እጁንም ኪሱ ይክተት።

ጌሙ ስክሪኑ ቆሞ እንዲታይ የተሠራ ነው። ቲቪውን በጎኑ አቁመው። ቲዩቡ ከባድ ነው፤ ለሁለት አንሱት፤ አንገቱን አትንኩ። ስታዞረው ጥግ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ቢመጣ አትደንግጥ። ግማሽ ሰዓት አጥፍተህ አብራው። ሲበራ ድም የምትለው መጠምጠሚያ ማግኔቱን ታጸዳዋለች። ከቀዘቀዘች በኋላ ብቻ ስለሆነ የምትሠራው ቶሎ ቶሎ አታብራ አታጥፋ። የድሬ ሙቀትም አለ። ሳጥኑ ጀርባ ላይ ሰፋ ያለ መተንፈሻ ክፈትለት፤ ከላይም ከታችም።

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)

አዙረነዋል፤ ጥላው መጥቶ ጠፋ። ቁመቱንም ካውያ አስተካከለው። የመጨረሻ ጥያቄ የአክስቴ ነው፦ «ለኔም ዲሹ እንዲህ በቀለም ይመጣልኛል ወይ?» እያለች ነው። ይመጣልሻል ካላችሁ ቲቪውን እመልስላትና ሌላ እፈልጋለሁ።

ጀጎል (ሐረር)

ሪሲቨሯ ጀርባ ላይ ስካርት ካለው ይመጣል። ሁሉም እግር ያለውን ሙሉ የስካርት ገመድ ቀጥልላት። ከዚያ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ግባና የቪዲዮ መውጫውን አርጂቢ (ሦስቱ ቀለሞች ለየብቻ) አድርገው። ለጌሙ ሌላ ስካርት ያለው ቲቪ እኔም እዚህ ሐረር እጠይቅልሃለሁ።