ለሙስሊም ጎረቤት «ነፍስ ይማር» ይባላል?

ጠያቂ (አቶቴ፣ ሐዋሳ)፦ በቀደም የዕድራችን አባል የነበሩ አንዲት እናት አረፉ። ሙስሊም ናቸው። የማንም ቤት ልቅሶ ሲሆን ቡና አፍልተው ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድሩ ሴት ነበሩ። ከቀብር መልስ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «በጌታ ላላመነ ሰው እንዲህ አይባልም» አለ። ልጃቸው አጠገባችን ቆሟል። አሁን «ከእንግዲህ ‹ፈጣሪ ያጽናናችሁ› ብቻ እንበል» የሚል ሐሳብ ለዕድሩ ቀርቧል። እሑድ ይወሰናል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የወንጌል አማኝ፦ ልቅሶ ላይ መናገሩ ነውር ነው። ትምህርቱን ግን ከኪሱ አላወጣውም። ኢየሱስ «በእኔ በቀር ወደ አብ የሚመጣ የለም» ብሏል፤ ዮሐንስ 14፥6። ደግሞ እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም። ለገዛ እናቴም «ነፍስ ይማር» አላልኩም።

ኦርቶዶክስ፦ ሰውየው ያለው እኮ «ላላመነ» ነው እንጂ «ለሞተ» አይደለም። ፈርዷል። እኛም ፍትሐት የምናደርሰው ለተጠመቀ ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። «ነፍስ ይማር» ግን ልመና ነው። ማቴዎስ 25 ላይ «መቼ ተርበህ አበላንህ?» ያሉት ጻድቃን ማንን እንዳበሉ አላወቁም ነበር። የዳኛውን ወንበር አልነካም። ቃሉ ከዕድራችን ይውጣ መባሉንም እቃወማለሁ።

ሙስሊም፦ እውነቱን ለመናገር እኛም ጋ ክርክሩ አለ። ቁርኣን ውስጥ አል-በቀራህ 62 በአላህና በመጨረሻው ቀን አምነው መልካም የሠሩ አይሁዶችና ክርስቲያኖችም ምንዳቸው ጌታቸው ዘንድ ነው ይላል። አሊ ዒምራን 85 ደግሞ ከእስልምና ሌላ ሃይማኖት ተቀባይነት የለውም ይላል። ብዙ ዑለማዎች የመጀመሪያውን በሁለተኛው ይፈቱታል። ክርስቲያን ጎረቤቴ ሲሞት ምሕረት መለመን ላይ እኔም አፌ ይያዛል፤ ለአጋሪዎች ምሕረት መለመንን የሚከለክለው አት-ተውባህ 113 አለ። ቀብሩ ግን አይቀረኝም። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ እንደዘገቡት የአይሁድ አስከሬን ሲያልፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነሡ። «አይሁድ እኮ ነው» ቢሏቸው «ነፍስ አይደለችምን?» አሉ። ስለዚህ «ፈጣሪ ያጽናናችሁ» ቢባል ደስ ይለኛል። ማንም ሳይዋሽ የሚለው ቃል ነው።

ካቶሊክ፦ ባጭሩ፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ሳያውቁ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉ ሊድኑ ይችላሉ ብሏል።

የወንጌል አማኝ፦ ሐዋሳ ውስጥ ወንጌል ያልሰማ አለ እንዴ? በየሰፈሩ ቸርች አለ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ ሐይቁ ይሰማል።

ሙስሊም፦ መስማትና መስማት ይለያያል ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ጋዛሊ ስለ እስልምና ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። የነቢዩ ስም ደርሶት መልእክቱ ግን ተዛብቶ የተነገረው ሰው፣ ጭራሽ እንዳልሰማ ይቆጠራል ብለዋል። ያ ልጅ ስለ ጌታችሁ በእናቱ ቀብር ቀን የሰማው ምን ነበር?

የወንጌል አማኝ፦ ይሄ ነካኝ። እምነቴ አልተቀየረም፤ መንገዱ አንድ ነው። እሑድም «ፈጣሪ ያጽናናችሁ» ለሚለው እጄን አወጣለሁ። ጠያቂ፣ የልጁ ቤት በየት በኩል ነው? ማታ ሄጄ ልየው።