ያወረድኳቸውን የሶፍትዌር ፓኬጆች ከራሴ ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) ማስጫን አቃተኝ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ኢንተርኔት የማያገኙ 12 የኡቡንቱ ማሽኖች አሉኝ። ኢንተርኔት ባለው ሌላ ማሽን የዴብ ፋይሎቹን (የኡቡንቱ ፓኬጆቹን) አውርጄ የውስጥ ሰርቨራችን ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተትኳቸው፣ ፋይሎቹን በኔትወርክ የሚያቀርበውን ኢንጂንኤክስንም ጫንኩ። በብራውዘር ስከፍተው ፋይሎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አድራሻውን ለአፕት (ለኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኝ) ስሰጠው ግን «ሪሊዝ ፋይል የለውም» ይለኛል። ሁለት ቀን ታገልኩት። ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ ምን ጎደለው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ፎልደሩ ገና ሪፖ አልሆነም። አፕት ፎልደር እየበረበረ ፋይል አይፈልግም፣ የሚያነበው ማውጫውን ነው። ፓኬጅስ የሚባለው ፋይል የእያንዳንዱን ፓኬጅ ስም፣ ቨርዥን፣ ዲፔንደንሲ (የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች) እና ሃሽ (ፋይሉ ከተነካ የሚለወጥ አሻራ) ይይዛል፤ ሪሊዝ ደግሞ የዚያን ማውጫ ሃሽ ይይዛል፤ ዲጂታል ፊርማው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሬፕሬፕሮ ወይም አፕትሊ የሚባሉት መሣሪያዎች ሁሉንም ይሠሩልሃል። እኔ አፕትሊን የምወደው ስናፕሾት (የሪፖው የዚያ ጊዜ ቅጂ) ስላለው ነው፣ አፕዴት ሲበላሽ ወደ ቀድሞው ትመለሳለህ።

ደግሞ ያወረድክበትን ማሽን እየው። እዚያ ቀድሞ የተጫነ ዲፔንደንሲ ካለ አፕት ድጋሚ አያወርደውም፣ ስለዚህ 12ቱ ላይ ይጎድልብሃል።

መልስ 2
ስትፈልግ «ትረስትድ የስ ብለህ እለፈው» የሚል ምክር ያጋጥምሃል። እባክህ እንዳታደርገው። የፊርማ ማረጋገጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ሰርቨር የነካ ሰው በሁሉም ማሽን ላይ በሩት (በሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያሻውን ያስጭናል። ለመፈረሚያ የጂፒጂ ቁልፍ ጥንድ ፍጠር፣ ሚስጥራዊውን ለብቻው ደብቀህ ያዝ፣ ይፋዊውን ማሽኖቹ ላይ ኪሪንግስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥና ሪፖው በተጻፈበት መስመር ላይ ሳይንድ ባይ በሚለው አማራጭ ጥቀሰው።

ጠያቂው
ሠራ! በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እኛው የምንሠራውን ፓኬጅ አስተካክዬ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ ገለበጥኩት፣ አሁን «ሃሽ ሰም ሚስማች» (ሃሹ አይገጥምም) ይለኛል።

መልስ 1
ማውጫው የያዘው የድሮውን ፋይል ሃሽ ነዋ! ፋይሉን ቀየርክበት፣ ማውጫው አላወቀም። አንዴ የወጣ ፋይል አይነካም። አንዲት ፊደል ብታርምም ቨርዥኑን ከ1.4-1 ወደ 1.4-2 ከፍ አድርገህ በአፕትሊ በኩል አስገባው፣ ያለዚያ የትኛው ማሽን የትኛውን እንደጫነ በኋላ መለየት አትችልም።

መልስ 3
ለፓይተንም የምታስብ ከሆነ፣ ኤክስትራ ኢንዴክስ ዩአርኤል (ተጨማሪ የሪፖ አድራሻ) የሚለውን አማራጭ ተጠንቀቀው። የፓይተን ፓኬጅ ጫኙ ፒፕ ያንተን ሪፖና ለሁሉም ክፍት የሆነውን የፓይተን ሪፖ ፓይፒአይን እኩል አይቶ ከፍ ያለውን ቨርዥን ነው የሚያነሳው። ውስጥ የምትጠቀምበትን ስም ሌላ ሰው ውጭ ላይ በትልቅ ቁጥር ከለቀቀው የእሱ ኮድ ይጫናል። በ2021 አንድ የደህንነት ተመራማሪ በዚሁ መንገድ ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ኮዱን እንዳስኬደ አሳይቷል። አንድ ኢንዴክስ ብቻ ስጠው፣ እሱም ያንተው ይሁን። ዊል ፋይሎቹንም (የፓይተን ፓኬጆቹን) ማሽኖቹ ላይ ባለው የፓይተን ቨርዥን አውርድ፤ ለ3.12 የተሠራ ዊል 3.10 ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም።