የስትሮክ ታካሚዎች የኑሮ ጥራት ጥናት፦ ረቂቅ 2፣ የመጠይቅ ምርጫና አሰባሰብ

አስተባባሪ፦ የቀረን ጉዳይ አንድ ነው። ለማንኛውም ሕመም የሚያገለግለው አጭር የኑሮ ጥራት መጠይቅ፣ ኢኪው-5ዲ-5ኤል፣ ብቻውን ይበቃል ወይስ የስትሮክ መጠይቅ ይጨመርበት?

ፊዚዮቴራፒ፦ አይበቃም። አምስቱ ጥያቄዎች መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የዘወትር ሥራን፣ ሕመምንና ጭንቀትን ይጠይቃሉ። ንግግርና ማስታወስ የሉም፤ እግሩ ድኖ አንደበቱ የተያዘ ሰው ደህና ነው ተብሎ ይመዘገባል። ለስትሮክ ታካሚዎች የተዘጋጀው የኑሮ ጥራት መጠይቅ፣ ኤስኤስ-ኪውኦኤል፣ ይጨመር፦ 49 ጥያቄ፣ 12 ዘርፍ፣ ከ1 እስከ 5፣ ድምሩ ከ49 እስከ 245።

ጤና ኢኮኖሚክስ፦ ይጨመር፤ ኢኪው-5ዲ-5ኤል ግን እንዳይወጣ። መልሶቹን ወደ አንድ የጤና ነጥብ የሚቀይረው፣ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የሰጡት ክብደት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ የእንግሊዝን መዋስ ቀርቷል።

ነርሲንግ፦ 49ኙ እንዳሉ አይሄዱም። ዚፕ መዝጋት፣ ካልሲ ማድረግ፣ መጻፍ የሚሉት ለብዙ የገጠር እናቶች «እኔን አይመለከተኝም» ናቸው፤ ያ ዘርፍ ባዶ ይቀራል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፣ ይታረቅ፣ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ፣ ከዚያ 10 ታካሚዎች ጥያቄውን በራሳቸው አባባል ይድገሙት። የምንለውጠው ካለ ቀድመን የመጠይቁን ባለቤቶች እናስፈቅድ። የግብረ ሥጋው ጥያቄ ደግሞ ምራት አጠገብ ተቀምጣ አይጠየቅም።

ኒውሮሎጂ፦ ንግግር የተያዘባቸውን ከጥናቱ የሚያስወጣው አንቀጽ ይሰረዝ። በጣም የተጎዱትን ጥለን አማካይ ብናወጣ ማንን ለካን? መጀመሪያ ታካሚው በሥዕል ካርድና በ«አዎ/አይ» ይሞከር፤ ካልሆነ አስታማሚ ይመልስ። አስታማሚ ብዙ ጊዜ ከታካሚው ዝቅ አድርጎ ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከአካል ይልቅ በስሜት ጥያቄዎች ይሰፋል። ስለዚህ መላሹ ማን እንደሆነ ይጻፍ፣ ከዙር ዙርም አይቀያየር። መመለስ ከሚችሉት 40ውን ከነአስታማሚያቸው ለየብቻ ብንጠይቅ ልዩነቱን ራሳችን እናውቀዋለን። ሌላ፦ በኢኪው-5ዲ-5ኤል ታካሚው የዕለቱን ጤናውን የሚያመለክትበትን ከ0 እስከ 100 ያለውን ቁም መስመር ወረቀት ለመቆጠብ ብላችሁ አግድም እንዳታትሙት። ግራ ጎኑን የማያስተውል ታካሚ ዝቅተኛው ቁጥር ያለበትን ጫፍ አያየውም።

ስታቲስቲክስ፦ የኢኪው-5ዲ ነጥብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የውጤቶች መበታተን መለኪያ) 0.30፣ የስህተት ወሰን 0.04 ብንወስድ 217 ሰው፤ 15 በመቶ ቢቀርብን 256። ልኬቱ በ3ኛውና በ6ኛው ወር። በመካከል የሞተ ሰው በኢኪው-5ዲ 0 ይያዝለት፤ ከዝርዝሩ ከወጣ ሞት ራሱ አማካዩን ከፍ አድርጎ መሻሻል ያስመስለዋል። ኤስኤስ-ኪውኦኤል ለሞት ነጥብ ስለሌለው እዚያ የሞቱት ቁጥር ለብቻው ይቀመጥ።

ነርሲንግ፦ ሁለቱን መጠይቅ አከታትሎ መጠየቅ ታካሚውን ያደክማል፤ አጭሩ ይቅደም፣ መሃል ላይ እረፍት ይኑር።

አስተባባሪ፦ ተመዝግቧል። የፈቃድ ደብዳቤውን ጤና ኢኮኖሚክስ፣ የሥዕል ካርዱን ኒውሮሎጂና ነርሲንግ ይያዙት። የ40ው ጥንድ ወጪ በጀቱ ውስጥ ስለሌለ ፊዚዮቴራፒ የመረጃ ሰብሳቢ ቀኑን አስልቶ ይላክልኝ።