ክርክር፦ የጨረቃው ድራማ ያልነበረ ጋዜጠኛ መፍጠሩ ልክ ነው?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር የተወለደው እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ «ፍሮም ዚ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን» የሚለውን ባለ 12 ክፍል ድራማ እያየን ሰነበትን። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ተዋናዩ ቶም ሃንክስ ነው፤ ከመጨረሻው በቀር በየክፍሉ መግቢያ ላይ ብቅ እያለ ወግ ይጀምራል። አሜሪካኖቹ ሰው ወደ ጨረቃ የላኩበት የአፖሎ ጉዞዎች ታሪክ ነው፤ ከኬኔዲ ዘመን ተነስቶ እስከ አፖሎ 17፣ እስከ 1972 ድረስ ይሄዳል።

ውስጡ ኤሜት ሲቦርን የሚባል ሸምገል ያለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አለ። ረጋ ያለ፣ ድምፁ የሚታመን ሰው። ወደድኩት። በሦስተኛው ቀን ስልኬን አውጥቼ የሕይወት ታሪኩን ብፈልግ ሰውዬው ለካ ጭራሽ አልተወለደም! ጠፈርተኞቹ አርምስትሮንግ እውነት፣ ግሪሶም እውነት፣ መሃላቸው የሚንጎራደደው ሰውዬ ፈጠራ። ተታለልኩ አልኩ። ወንድሜ «ድራማ እኮ ነው፣ ምን ነካህ» ብሎ ሳቀብኝ። እናንተስ? የእውነተኛ ሰዎች ታሪክ ውስጥ የሌለ ሰው መጨመር ይፈቀዳል?

የሣሪስ ልጅ፦
ፈታ በል ወንድሜ። ስምንተኛውን ክፍል እንደገና እየው። አፖሎ 13 ላይ ኦክስጅን ታንኩ ፈንድቶ ሦስቱ ሰዎች ሞትና ሕይወት መሃል ናቸው። ካሜራው ግን እነሱ ጋ አይሄድም። ድምፃቸውን ብቻ ነው የምንሰማው። የምናየው የዜና ክፍሉን ነው። ሲቦርን መንኮራኩሩ ምን እንደገጠመው ለሕዝቡ ማስረዳት ይፈልጋል፤ ወጣቱ ተፎካካሪው ደግሞ የጠፈርተኞቹ ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ማይክ ይዞ ይቆማል፣ እንባ ፍለጋ። ያሸነፈው ማን እንደሆነ ዛሬ ማንኛውንም ቻናል ከፍተህ ማየት ትችላለህ።

አሁን ይህን በእውነተኛ ጋዜጠኛ፣ ለምሳሌ በዘመኑ ዝነኛ ዜና አንባቢ በዋልተር ክሮንካይት ስም ቢሠሩት ምን ልትል ነበር? «ክሮንካይት ይህን አላለም፣ ስሙን አጠፉት» ትል ነበር። የሌለ ሰው ስም አይጠፋም። እኔ እንደውም ጨዋነት ነው የምለው።

ቆቅ፦
እናንተ ስለ ጋዜጠኛው ትጣላላችሁ። ጨረቃውስ? የድራማውን አሠራር ያነበበ አለ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ድሮ የአየር መርከብ የሚቆምበት ግዙፍ መጋዘን ውስጥ ገቡ፣ ተዋናዮቹ ጀርባ ላይ የሂሊየም ፊኛ አሰሩ፣ እንደ ጨረቃ ዘለሉ። በ1998 እንዲህ ከቻሉ በ1969 የጨረቃውን ማረፍ ራሱን እንዲህ መቅረጽ ያልቻሉበት ምክንያት ምንድነው? ብቻ ጠየቅኩ 😏

ኢንጂነሩ፦
ቆቅ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። መልሱ ግን እግራቸው ሥር ነው። ፊኛ የሰውዬውን ክብደት ይቀንሳል፤ አቧራው ላይ ግን ፊኛ አይታሰርም። የአፖሎ 16ን የጨረቃ ላይ የመኪና ጉዞ ፊልም አውጥተህ ጎማውን ተመልከት። አቧራው ቀስት ሠርቶ ይወጣል፣ ቀስት ሠርቶ ይወርዳል። አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቀር ጉም የለም። መጋዘን ውስጥ አየር አለ፣ ስለዚህ አቧራው ይቦናል። አየሩን ልምጠጥ ብትል ተዋናይህ ይሞታል። ይዘው የመጡትም 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር አለ፤ ትተው የመጡት መስታወት ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ ሌዘር እየተላከ ይመለሳል። ይበቃሃል?

ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ ለዚህ ድራማ አዳላለሁ፣ ምክንያቱም አምስተኛው ክፍል። ስለ ጠፈርተኛ አይደለም፤ ጨረቃ ላይ የምታርፈውን መንኮራኩር ስለሠሩት የግራማን ኩባንያ መሐንዲሶች ነው፣ ስለ ቶም ኬሊና ስለ ጓደኞቹ። ክብደት ገደላቸው። መስኮቱን አሳነሱት፣ መቀመጫውንም አወጡት። አርምስትሮንግና ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ያረፉት እንደ ታክሲ ረዳት ቆመው ነው! እኔ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው፤ አንድ ኪሎ ብረት ለመቀነስ ሌሊቱን ሙሉ ስሌት ሲደረግ አይቼ እምባዬ መጣ። ማን ለመሐንዲስ ድራማ ይሠራል? ለዚህ ሲባል አንድ የፈጠራ ጋዜጠኛ ቢቀላቀል ችግሬ አይደለም።

የልጆች እናት፦
አሥራ አንደኛው ክፍል የሚስቶቹ ነው፤ ዳይሬክተሯ ሳሊ ፊልድ። የሁለተኛው ዙር ጠፈርተኞች የዘጠኙ ሚስቶች ታሪክ። ባል ሰማይ ላይ፣ ጋዜጠኛ በር ላይ፣ ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እሷ ደግሞ ፈገግ ማለት አለባት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት እንግዳ ስናስተናግድ የምናደርገው ፊት ነው። በጣም ቆንጆ ክፍል ነው።

ግን እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሴቶች ሙሉ ክፍል ያገኙት ሚስት ስለሆኑ ነው። የአፖሎን የበረራ ሶፍትዌር ሥራ የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተን ናት። የጉዞ መስመር ከሚያሰሉት አንዷ ካትሪን ጆንሰን ነበረች። ለእነሱ የተመደበ ክፍል የለም። የሌለ ወንድ ለመፍጠር ቦታ ከነበረ ለነበሩት ሴቶች እንዴት ጠፋ?

መምህር (ጡረታ)፦
ልጄ፣ ልክ ብለሻል። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሲቦርንን ተዉት፤ እሱ ማንንም አልጎዳም። ድራማ የሚጠየቀው በጨመረው ሳይሆን በተወው ነው።

ወደ ጨረቃ የወሰዳቸውን ሮኬት የሠራው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቮን ብራውን ነው። ከዚያ በፊት ለሂትለር ቪ-2 የተባለውን የጦር ሮኬት ሠርቷል፤ ያ ሮኬት የተመረተው ሚተልባው-ዶራ በተባለ ካምፕ፣ በእስረኞች ጉልበት ነው። ብዙ ሺህ ሰው እዚያ አልቋል። ከ12ቱ አንዱን እንኳ ለዚህ አልሰጡም። መጀመሪያ ሰው ጨረቃ ላይ ያሳረፈው አፖሎ 11 ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ቄስ ራልፍ አበርናቲ በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ይዘው፣ ድሆችን አስከትለው ማስወንጨፊያ ጣቢያው አጠገብ ድረስ ሄደዋል። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥቶ አነጋገራቸው። በቅሎና ሮኬት ፊት ለፊት! ለድራማ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ከየት ይመጣል?

ሶቭየቶቹስ? ግዙፉ ኤን-1 ሮኬታቸው አራት ጊዜ ተሞክሮ አራቱንም ከሽፏል። እሽቅድምድም ሲባል ሁለት ፈረስ ያስፈልጋል፤ እዚህ የሚታየው አንዱ ነው። ያን ጊዜ እኮ አሥመራ ቃኘው ጣቢያ ላይ አሜሪካኖቹ 46 ሜትር ስፋት ያለው የአንቴና ሳህን ተክለው የሶቭየት መንኮራኩሮችን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። እኛው ሰማይ ሥር።

የሣሪስ ልጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ የሚሉት ሁሉ ከገባ እኮ 12 ክፍል አይበቃም። የአሜሪካኖቹን ታሪክ እንነግራለን ብለው ነው የተነሱት። ሩሲያዎቹ የራሳቸውን ይሥሩ።

መምህር (ጡረታ)፦
ልጄ፣ ቮን ብራውን እኮ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ነው። አበርናቲም። ሩቅ አልሄድኩም።

የሣሪስ ልጅ፦
እሺ ይቺን በሉኝ 😄

ቆቅ፦
ኢንጂነሩ፣ የአቧራውን ፊልም አየሁት። ዝም ብያለሁ። ለጊዜው።

የልጆች እናት፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያን ጊዜ ሰምተው ነበር? ማለቴ ሲያርፉ።

መምህር (ጡረታ)፦
ሬዲዮ ነበረን። አርምስትሮንግ የረገጠው በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1961 ነው፣ ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ሊሆን 4 ደቂቃ ሲቀረው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አድሮ ነበር። እኔ ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌአለሁ፤ ግማሹ ጩኸት ነው። አባቴ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ «ምን ይላል?» አሉኝ። «ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ሐምሌ ላይ ጨረቃዋን በምን አገኟት?» ብለው ወደ በሬዎቹ ሄዱ።

አወያይ፦
ጋሼ ገደሉን 😂 እኔ ግማሽ ተሸንፌአለሁ። ሲቦርንን ይቅር ብዬዋለሁ። አሁንም ግን የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ «ይህ ሰው የፈጠራ ነው» የምትል አንዲት መስመር በጉልህ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ስልክ አውጥቶ ከመፈለግ ያድናል። ወንድሜን ዛሬ ማታ የበቅሎውን ጋሪ እነግረዋለሁ፤ ይህን ግን አያውቀውም።

ኢንጂነሩ፣ አምስተኛው ክፍል እኔ ጋ መሃሉ ላይ ይቆማል። ፍላሽ ይዤ ልምጣ?